ስለ ጥንቸላችን ጆሮና ስለ ሐኪሙ ንጹሕ እጅ

ወረታ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ተክለ ማርያም
ለፎገራ ከብት ክትባት ለተላኩት ሐኪም

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔና ባለቤቴ አቶ ካሴ፣ የእርስዎ ፍርድ እስኪፈጸም ድረስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በገበያው በር ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። በጥንቸላችን ላይ የሰጡትን የሞት ፍርድ በገበያ መካከል ስላሳወጁ፣ ምስጋናዬም ከዚያው ቢሰማ ይሻላል ብዬ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። መንገድ ሠሪዎቹ ሰፈራቸውን ሲነቅሉ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነጭ ጥንቸሉን ለሰፈሩ ዘበኛ፣ ለባለቤቴ፣ ትቶለት ሄደ። ባለቤቴ ዐይኑ ከጠፋ ወዲህ የሚውለው ከእሷ ጋር ነው። እንደ ሐር የለሰለሰ ጠጉሯን እየዳበሰ ሐሬ ይላታል፤ እኔን እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። በክረምቱ ጎርፍ ቤታችን ውኃ ገብቶት ከሰነበተ በኋላ አንገቷ ወደ ግራ ተጣመመ። ልትራመድ ስትል ባለችበት ትዞርና ትወድቃለች። ግራ ጆሮዋ ይሸታል፣ መግልም ይወጣዋል። እኛም ሐኪም አለልን ብለን ወደ እርስዎ ላክን፤ ከዚያ ወዲያ የዋሉልን ውለታ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ሕመምተኛዋን ከአጥሩ ማዶ ቆመው ስለ መረመሩልን እናመሰግናለን። ለፎገራ ላም እጅዎን እስከ ክንድዎ የሚያስገቡ ሰው፣ ጥንቸል ርኩስ ናት ብለው አንዲት ጣት መንፈግዎ የሃይማኖትዎን ጽናት ያሳያል። እስላም ናትና ሃይማኖቷ አይከለክላትም ብለው ጎረቤታችንን ወይዘሮ ሀጂራን አገላብጪ አሏት፤ እሷም የጥንቸሏን ጆሮ ከፍታ ብታሳይዎ ባርኔጣዎን ከአፍንጫዎ ላይ አላነሡም። በመጨረሻም ምንም ያልነካ እጅዎን በሳሙና ታጠቡ። ውኃውን ያፈሰስኩልዎ እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፤ ዞራ ስትወድቅ አይተው፣ አብዳለች፣ ሰው ሳትነክስ ትገደል ብለው ስለ ፈረዱ እናመሰግናለን። ያበደ እንስሳ ውኃ ይሸሻል ሲባል ሰምተን ነበር፤ ይህች ግን ከባለቤቴ መዳፍ ላይ ትጠጣለች። ደግሞስ ዞሮ የወደቀ ሁሉ የሚገደል ከሆነ፣ በመስቀል ማግስት ከጠጅ ቤት የሚወጣውን ሕዝብ ምን ሊያደርጉት ነው? ከመካከላቸው ማንን ለይቼ እንዳየሁ ለክብርዎ ስል አልጽፍም።

ሦስተኛው ግን ምስጋና ይባል እንደሆን እንጃ። እኔና ሀጂራ ለብ ባለ የጨው ውኃ ጆሮዋን በጥጥ እንጠርጋለን፣ እንዳትወድቅ በግራና በቀኝ ጨርቅ ጠቅልለን እንደግፋታለን፣ ሣሩንም ካፏ እናደርስላታለን። የጆሮዋን ውስጥ ግን አናውቀውም፤ መድኃኒቱም ያለው በእርስዎ ሣጥን ነው። ባለቤቴ ፍርዱን ከሰማ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ጭኑ ላይ ያለችውን በጋቢው ይሸፍናታል። ይህን ሳይ አንጀቴ ያርራል፤ ይህንንም የምጽፈው በታላቅ አክብሮት ነው።

ለከብቶቻችን የሚደክመው እጅዎ ከርኩሰት ሁሉ ተጠብቆ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ እንደ ልማድዎ ከአጥሩ ማዶ በጥልቅ ትሕትና እጅ የምነሣ፣

ጥሩብርሃን አድማሴ

የተረሳች ነገር፦ የላኩት ዘበኛ አቶ አበረ ትናንት ዱላውን ይዞ መጥቶ ነበር። ሬሳዋን ማን እንደሚያነሣ ብንጠይቀው፣ እኔ ርኩስ ነገር አልነካም ብሎ ተመለሰ፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣውም እንዲሁ። ወይዘሮ ሀጂራም ለዚህኛው ሥራ እጄን አላውስም ብላለች። እንግዲህ ፍርዱን ለመፈጸም እርስዎ ራስዎ መምጣትዎ ነው። ታዲያ በጆሮዋ ይዘው ሲያነሷት፣ እግረ መንገድዎን ወደ ውስጡ ይመልከቱልን።