ዘይት የተቀቡት ዘንባባዎች

ራትሪ፣

ዛሬ «ምባክ» አልልሽም። አንድ ቤት አብሮ መኖር ብቻ አይበቃም፤ ታላቅ እህት መባል ሥራ ይጠይቃል።

ሱራባያ ከተማ ሄጄ እናቴን ሳስታምም ሁለት ወር ሙሉ፣ በቪዲዮ በደወልኩ ቁጥር እናቴ ከዘር ያበቀለቻቸውን ሦስት ዘንባባዎች ታሳዪኝ ነበር። ያብረቀርቁ ነበር። «እንደ ሙሽራ ይዣቸዋለሁ» ስትይኝ አመንኩሽ። ትናንት ገብቼ ቅጠላቸውን በጨርቅ ብጠርገው ያብረቀረቀው የኮኮናት ዘይት ነው። አፈሩ ጡብ ሆኗል። አንድ ጣሳ ውሃ ከማፍሰስ ቅጠል በቅጠል ዘይት መቀባት ቀለለሽ? ለፀጉርሽ እንኳ እንዲህ አትተጊም።

ጠዋት ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ የደረቀውን ሥር ቆርጬ፣ አፈሩን ከተቃጠለ የሩዝ ገለባ ጋር ቀላቅዬ በአዲስ ማሰሮ ተከልኳቸው።
ሁለቱን ይዤ ከቤታችን ጠቅልዬ ወጥቻለሁ። ቁልፌ ሩዝ ማብሰያው ላይ ነው።

ትንሿን ትቼልሻለሁ። መስኮቱ አጠገብ ትሁን፣ ፀሐይ ግን አያግኛት። በየቀኑ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ፤ ሲደርቅ ሩዝ ያጠብሽበትን ውሃ አጠጫት። ጨውና የኮኮናት ወተት የገባበትን አይደለም። ለሌላ ሰው ይህን አልጽፍም ነበር።

እናትሽ ተሻላት ወይ ብለሽ አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም።
አልተሻላትም።

አንድ ነገር ደብቄሽ ነበር። ትንሿ ዘንባባ እኔ ከመሄዴ በፊትም መድረቅ ጀምራ ነበር፤ አይቻለሁ። ያኔ ለአንቺ የተውኳት እኔ እጅ ላይ እንዳትሞት ብዬ ነው።

አሁንም የምተዋት ለዚያው ነው።

ላስትሪ