ደንገጎ ላይ ሰባት መቶ ዲግሪ

ግንቦት 3፣ ጠዋት 1፡00

ሞተሩ እየሞቀ ነው። ጋቢና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍልህ፣ ደብተሬ። መርፌው 140። ጨዋ ነው፣ ገና ስለሆነ። ትናንት ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት መሀል 680 ደረሰ፣ ሲሚንቶ እስከ አፉ ጭኜ። እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ ወረደ፣ ስረግጠው ተመልሶ ወጣ።

መለኪያውን ካስገጠምኩ ሳምንቴ። ለሞተሩ አየር ወደሚገፋው ቱርቦ የሚገባውን የጭስ ሙቀት ነው የሚለካው። የራዲያተሩ መለኪያ ሁልጊዜ ሰላም ነው ይላል። ይሄኛው ሐሜተኛ ነው፣ የውስጡን ሁሉ ያወጣል። ከ650 በላይ አታቆየው ተብያለሁ። ከቆየ መጀመሪያ ቱርቦው፣ ከባሰም ፒስተኑ ይሄዳል። አለማወቅ ሳይሻል አይቀርም ነበር።

ግንቦት 4፣ ቀን 7፡00

ሙቀቱ ለጉድ ነው። መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሜያለሁ። የጭነት ተራ እጠብቃለሁ።

ላንተ ልንገርህ፣ ለሌላ ሰው አልተናገርኩም። ይህ መኪና የእኔ አይደለም። የሟች ወንድሜ ነበር። አሁን የሚስቱ የሐሊማና የሦስት ልጆቿ ነው፣ ሌላ መተዳደሪያም የላቸውም። እኔ ሹፌር ነኝ። ወንድሜ የነዳጅ ፖምፓውን ብሎን በሽቦና በእርሳስ አሳሽጎት ነበር፣ ማንም ጉልበት ልጨምር ብሎ እንዳይነካው። ቁልፉን ስትሰጠኝ ሐሊማ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፦ እሱ እንዳስቀመጠው ይሁን ብላ።

ከወር በፊት ማሸጊያው ተቆረጠ። እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት። ጭነት የሚመድበው ሰውዬ፣ ሐረር በቀን ሁለቴ የማይመላለስ መኪና ከእንግዲህ ተራ አይጠብቅ አለ። መካኒኩ ጌቾ ብሎኑን ትንሽ አዞረው፣ ነዳጁ በዛ። መኪናው ዳገቱን እየዘለለ ወጣ። ጭሱ ግን ጠቆረ።

ግንቦት 6፣ ቀን 10፡00

ዛሬ 700። ሁለተኛው ጉዞ ላይ።

ጌቾ ጋ ሄድኩ። አየር ማጣሪያውን አወጣ፣ ግማሽ ድሬዳዋ ውስጡ ነው፣ አቧራ ብቻ። ነፋው። የቱርቦውንም ቱቦዎች ፈተሸ፣ ደህና ናቸው። ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ አልኩት፣ ፖምፓውን። ዝቅ ካለ በቀን ሁለቴ መመላለስ የለም አለኝ። 700 ገባ እኮ አልኩት። ሳቀብኝ፦

«አቦ ጀማል፣ መኪና ነው የምትነዳው ወይስ ድስት ነው የምትጠብቀው?»

እኔም ሳቅሁ። ብሎኑም እንደዞረ ቀረ።

ግንቦት 7፣ ጠዋት 12፡30

ሐሊማ ግቢ ነው የማድረው፣ መኪናውም እዚያው ደጅ ነው የሚያድረው። ሳስነሳው ነጭ ሻሿ ገመዱ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ጥላሸት አረፈበት። አነሳችው፣ አየችው፣ መልሳ ባልዲ ውስጥ ከተተችው። መኪናው ታሞ ይሆን እንዴ ብላ ጠየቀች። ነዳጁ ነው፣ የሰሞኑ ነዳጅ ቆሻሻ ነው አልኳት። አመነችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 9፣ ቀን 5፡00

ደስ ብሎኛል! 630። በማለዳ ወጣሁ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ። አንድ ማርሽ ቀድሜ ቀነስኩ፣ ነዳጁን በስሱ ሰጠሁት፣ ቀስ ብሎ ወጣ። ጫፍ ላይ አራት ደቂቃ ሳላጠፋው በዝግታ አስነፈስኩት፣ ከ200 በታች ሲወርድ አጠፋሁ። ሕጉ ይሄ ነው፦ ቱርቦ ግሎ አይጠፋም፣ ዘይቱ ውስጡ ይቃጠላል። ዘፈን ሁሉ ዘፈንኩ።

(ቀን 11፡00) ሁለተኛው ጉዞ። 710። ዘፈኑ ቀረ።

ግንቦት 10፣ ቀን 10፡30

መኪናውን አቁሜ ነው የምጽፈው።

ደንገጎ ጫፍ ወጣሁ። 705። ዳር ያዝኩ፣ አራት ደቂቃዬን ልጠብቅ። ጀናዛ መጣ። ሰው ሬሳ በትከሻው ተሸክሞ አስፋልቱን ሊያቋርጥ። ከፊቴ ያለው አውቶቡስ ሞተሩን አጠፋ። ባጃጆቹ አጠፉ። ከኋላዬ ያለው ገልባጭ አጠፋ። ወጉ ነው፣ ሟች ሲያልፍ ሞተር አይጮህም። የእኔ ብቻ ይንደቀደቃል። መርፌው 590። አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩኝ።

ወንድሜን የቀበርን ዕለት መንገድ ላይ የነበረ ሹፌር ሁሉ አጥፍቶ ቆሞለት ነበር። ከቀብሩ ሁሉ ያስለቀሰኝ ያ ዝምታ ነው።

ቁልፉን አዞርኩ።

ከዚያ ከስሬ የጋለ ብረት ሲንጣጣ ሰማሁ። ጀናዛው አለፈ። መልሼ ሳስነሳው ቀጭን ፉጨት። እስከ ዛሬ ያልነበረ ፉጨት።

ግንቦት 11፣ ቀን 6፡00

ፉጨቱ ወደ ጩኸት ሄደ፣ ጭሱም ሰማያዊ ሆነ። ዘይት እየበላ ነው። ጌቾ ፈታው። የቱርቦው ዘንግ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። አልቆለታል። ሞተሩ ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ።

ጀናዛው ነው አልኩት፣ ግሎ ስላጠፋሁት ነው። ጌቾ ጨርቁን ጣለ። ዛሬ አልቀለደም።

«በአንድ ማጥፋት አይሞትም ነበር። ወር ሙሉ አብስለኸዋል። እኔም እጄ አለበት።»

ግንቦት 12፣ ጠዋት 4፡00

ለሐሊማ ነገርኳት። ጀናዛ ሲያልፍ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቱርቦው ተቃጠለ አልኳት። አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። የቀረውን ግማሽ ዋጥኩት።

እጆቿን ዘረጋች። አላህ ይውደድህ አለችኝ፣ ወንድምህም ይህንኑ ነበር የሚያደርገው። አለቀሰች። እሱ ግን ማሸጊያውን አያስቆርጥም ነበር! አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ግንቦት 13፣ ጠዋት 2፡00

ወሬው ሰፈሩን ሞልቷል። ለማያውቀው ሟች ብሎ መኪናውን ያቃጠለ ይሉኛል። ጎረቤቶች በበር ሲያልፉ ይመርቁኛል። ሱቅ ሄጄ ዳቦ ልገዛ ስል ባለሱቁ ተነስቶ ጨበጠኝ። እንደዚህ አፍሬ አላውቅም።

ሐሊማ ደግሞ የሠርጓን የወርቅ አምባር አወጣች። ቀፊራ ገበያ በኩል ያለው ወርቅ ሠሪ ጋ ልትሸጠው ነው፣ ለአዲሱ ቱርቦ። በጽድቅ የተበላሸ በወርቅ ይሠራ አለች፣ እየሳቀች። እምቢ አልኳት። ወንድሜ ነህ፣ ዝም በል አለችኝ።

አዲሱን ቱርቦ ብንገጥም ፖምፓው እንደተከፈተ ነው። እሱንም አበስለዋለሁ። ቀጥሎ ሞተሩን። ያኔ አምባርም የለ።

ጌቾ ደወልኩለት። ፖምፓውን መጀመሪያ ወደነበረበት መልስ፣ እሸገው፣ ሳትጨርስ ሌላ ነገር እንዳትነካ አልኩት። እሺ አለ። ጭነት መዳቢውንም በቀን አንዴ ነው የምንሄደው እለዋለሁ። ተራ ካሳጣን ሌላ ጭነት እፈልጋለሁ። ይሄ ሁሉ ቀላሉ ነው።

ሐሊማ ሻሿን እያሰረች ነው። ባጃጅ በር ላይ ቆሟል፣ ወርቅ ሠሪው ጋ ሊወስዳት ይጠራታል። ጫማዋን አደረገች።

ደብተሬ፣ ልዘጋህ ነው። ባጃጁን መልሼ፣ የመኪናውን ቁልፍ መዳፏ ላይ አስቀምጬ፣ ማሸጊያውን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ እላታለሁ። ቁልፉን ካልመለሰችልኝም አልለምናትም።