ጎማው እንኳ ይተነፍስ ነበር

ወንድሜ፣

ከትናንት ወዲህ ስልክ አታነሳም፤ በወረቀት ይሁን። እማዬ ጋ ሆስፒታል ሄጃለሁ። ክንዷ በጄሶ ታስሯል፤ ሐኪሙ ዛሬም እዚያው ትቆይ ብሏል።

መኪናውን እንዳትነካው። ቁልፉን ይዤዋለሁ።

ጎሚስታው የፈነዳውን ጎማ ሲፈታው ውስጡ ከመነዳሪ፣ ያን አየር የሚሞላ የውስጥ ላስቲክ፣ አገኘ። ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ጎማ መሆኑን ታውቃለህ። ጎማው ላይ የተሰካውን እሾህ እንኳ ሳትነቅል ነው የከተትክበት። ኮረኮንቹ ላይ እሾሁ ከመነዳሪውን ቀደደው፤ እኔና እማዬ ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ፈነዳ፣ መሪው ከእጄ ወጣ።

በየቀኑ "ዛሬም ተነፈሰ" እያልኩ የነዘነዝኩህ እኔ ነኝ። አፏን ላዘጋት ብለህ ነው፣ ይገባኛል። ትናንት በስልክ ያልኩህን ክፉ ቃል ግን

ተወው።

ስኮርታው፣ ትርፉ ጎማ፣ በሩ ጀርባ አለ። ጎሚስታው ጋ ውሰደውና ይፈተሽ። እሱም ውስጥ ከመነዳሪ ከትተህ እንደሆነ፣ ለእኔ መናገር ከከበደህ ለጎሚስታው ንገረው።

እማዬ "አትቆጪው" ብላኛለች። አልተቆጣሁም። ነጠላ ጫማዋንና መነጽሯን ይዘህላት ና፤ ስለ አንተ ስትጠይቅ ነው ያደረችው።

ያ ጎማ እሾህ ተሰክቶበት እንኳ ቀስ እያለ ይተነፍስ ነበር፤ እኛም እናውቅለት ነበር። አንተ ግን አንድ ቃል አልተነፈስክም።

እህትህ