ፍራንኮ ሰፈር አባባ ሆንኩ

ውድ አብተው፣

«ኖር አባባ! ልጆች፣ ብርጭቆ ደብቁ፤ ትልቅ ሰው ገባ።»

ቃል በቃል ይህን ነው ያለኝ፤ አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር፣ አንድ ድራፍት ቤት በር ላይ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል። ተናጋሪው ጫምሳ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ራሱ ከአርባ አምስት ዓመት አያንስም፣ ግንባሩም እስከ ማጅራቱ ደርሷል። በዚያው ቀን እዚሁ አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ «ወንድሜ»፣ መብራት ኃይል ሰፈር ደግሞ «ጋሼ» ተብዬ ነበር። በሦስት ሰፈር አንድ ትውልድ አረጀሁ።

ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ። ሙዚቃው ተቀነሰ፣ ድራፍቱ ጠረጴዛ ሥር ገባ። «እኔም እኮ ልጠጣ ነው የመጣሁት» ብል፣ ጫምሳ «እንግዲያው ይመርቁንና አብረን እንጠጣለን» አለ። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ። እኛ ደብረ ብርሃን ካፖርታችንን እንደለበስን ስንጠጣ ማን ገባ ማን ወጣ የሚል የለም። እዚህ ግን በዚያ ሙቀት፣ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ እየተናደድኩ መረቅኩ። «አሜን» ሲሉ ጣሪያው ተነቃነቀ። ጃምቦዬም ያኔ መጣ። እንዲህ የሚጥም ድራፍት ጠጥቼ አላውቅም፤ ይህን ግን ለማንም አትንገር።

ፖስትካርዱ ሞላ። ለሮማነወርቅና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አንተ በሁለት ወር ትበልጠኛለህና ጉዳዩ ይመለከትሃል፤ እውነት አባባ እመስላለሁ? እስከ ጥር 20 ድረስ በጽሑፍ፣ ፈርመህበት መልስልኝ። ስልክ ደውሎ መሳቅ እንደ መልስ አይቆጠርም።

መሸሻ