በከበሮዬ የሸፈንኳቸው ሦስት ጥይቶች

እኔ ሉሽየስ ቶሊቨር፣ የቺካጎ ከተማ ነዋሪ፣ በሙያዬ ከበሮ መቺ፣ ዛሬ ማክሰኞ ኦክቶበር 8 ቀን 1929 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሳንባዬን ነቀርሳ ቢበላውም አእምሮዬ ሳይናጋ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ፣ የመጨረሻ ቃሌን በዲያቆን ኤሞስ ክራችፊልድ እጅ አስጽፋለሁ። ማንም አላስገደደኝም ማለት ግን ፍርሃት የለብኝም ማለት አይደለም። በጣም ነው የምፈራው። የቤቱን ባለቤት እትዬ ኢኔዝ ብሮድናክስን መስኮቱን ይዝጉልኝ ያልኳቸው ብርዱን ፈርቼ አይደለም፤ ድምፄ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነው። ዲያቆን፣ የምናገረውን ሳያሳምሩ እንዳለ ይጻፉት።

በመጀመሪያ፣ ልብሴና የአባቴ የኪስ ሰዓት ለታላቅ እህቴ ለሃቲ ይሁን። ዓመት ሙሉ ስታስታምመኝ ፊቷን አዙራብኝ አታውቅም፤ አፏ ግን አንድ ቀን አላረፈም።

«ሰዓቱ ከቆመ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ምን ላደርግበት?» ትላለች አሁን እንኳ። ይህንንም ይጻፉት።

ሁለተኛ፣ አሮጌው ከበሮዬ ለቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ይሰጥ። ባለ ብር ጠርዙን አዲሱን ግን ማንም እንዳይነካው። እሱ የአፌ መዝጊያ ነው። እንዴት እንደ መጣ መናገር አለብኝና ትንሽ ታገሡኝ።

ባለፈው ዓመት በጁላይ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሐይቁ ዳር ባለው በሚስተር ዊትኮም ግቢ ድግስ ነበር። እኔ፣ ትራምፔት ነፊው ጓደኛዬ ሮስኮ ቢንግሃምና ሌሎች አራት ሙዚቀኞች ለመጫወት ተቀጥረን ሄድን። መንግሥት የከለከለው መጠጥ በገላ መታጠቢያ ገንዳ ተሞልቶ በሻይ ሲኒ ይጨለፋል። አንድ የተከበረ ሰውዬ ባርኔጣውን ለውሻው አጥልቆ ያስጨፍራል። ሴቱም ወንዱም ከነልብሱ መዋኛው ውስጥ ይዘላል።

በእነዚያ ቤቶች ለሙዚቀኛ አንድ ሕግ አለ፦ ጠብ ሲነሣ ሙዚቃ አይቆምም። እንዲያውም ከፍ ይላል፤ ከፍ የሚያደርገውም ከበሮ መቺው ነው። ጩኸቱን ከበሮው ይውጠዋል፣ እንግዳው ሳይደነግጥ ይጨፍራል፣ ተደባዳቢዎቹን ዘበኞች ይጎትቷቸዋል። አሥር ዓመት የበላሁት በዚህ ነው።

የዊትኮም ሚስት ማርጌሪት ጨዋታ አወጣች። ሴቶቹ አንድ እግር ጫማቸውን ወደ መዋኛው ይወረውራሉ፤ ወንዶቹ ጠልቀው ያወጣሉ፤ ጫማዋን ያገኘ እስኪመሽ ድረስ የእሷ ሰው ይሆናል። ዊትኮም ዘሎ ገብቶ የሚስቱን ጫማ ፈለገ። ይዞት ብቅ ያለው ግን ሎሪመር የሚባል ወጣት እንግዳ ሆነ።

«አርጅተሃል እኮ ዊትኮም! ትንፋሽ አጠረህ!» አለው።

«ተወው ባክህ፣ እሱ ድሮም መሐል ላይ ነው የሚደክመው» አለች ሚስቱ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ዊትኮምም ሳቀ። አሳሳቁ ግን አላማረኝም።

ማርጌሪትና ሎሪመር ከመድረካችን በስተግራ ወዳለው የአበባ ማብቀያ የመስታወት ቤት ገቡ። እኔ ከፍ ብዬ ስለምቀመጥ ውስጡ ይታየኛል። ጥቂት ቆይታ እሷ መጠጥ ልታመጣ ብቻዋን ወጣች። ወዲያው ዊትኮም ውኃ ከልብሱ እየተንጠባጠበ ገባና ሽጉጥ መዘዘ። እጄ እኔን አልጠየቀኝም፤ ጠብ ከሆነ ከፍ ማድረግ ነው የለመደው። ባለኝ ጉልበት ሁሉ ከበሮውን ደበደብኩት። ዊትኮም ሦስት ጊዜ ተኮሰ፤ ሦስቱንም ሸፈንኩለት። ከእንግዳው አንድ እንኳ ዘወር ያለ የለም፤ እንዲያውም አጨበጨቡልኝ።

በዚያች ሰዓት ሮስኮ ከፊቴ ቆሞ ትራምፔቱን እየነፋ ነበር። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው! ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ውኃ ልጠጣ ብሎ ሲያልፍ ሎሪመርን ወድቆ አገኘው፤ ደሙን ሊያቆምለት ተንበረከከ። ማርጌሪት ስትመለስ ያየችው ነጭ ኮቱ በደም የራሰ ጥቁር ሰው ነው። ጮኸች። ሎሪመር እዚያው ሞተ፤ ሽጉጡም አጠገቡ ተጥሎ ተገኘ። ተኩስ የሰማ ስለሌለ፣ ሎሪመር ሮስኮ መድረክ ላይ ሳለ መመታቱን ከእኔና ከዊትኮም በቀር የሚያውቅ የለም።

ፍርድ ቤት «ምን አየህ?» አሉኝ።

«ምንም ጌታዬ። ዓይኔ ከበሮዬ ላይ ነበር።»

ሮስኮ ቀና ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሞት ተፈረደበት፤ የፊታችን ዓርብ በኤሌክትሪክ ወንበር ይገደላል።

ለምን ዋሸህ ትሉኝ ይሆናል። በድግሱ ማግስት ዊትኮም ደጄ ድረስ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ጎበዝ ነህ ሉሽየስ፤ ልክ በሰዓቱ ነው የመታኸው» አለኝ። በሳምንቱ አዲሱን ከበሮ ላከልኝ። ይህንኑ ቃል በእጁ የጻፈበት ካርድ አብሮት አለ። ከበሮውና ካርዱ ለፍርድ ቤት ይሰጡ። ለሮስኮ የምተውለት ሌላ ንብረት የለኝም።

ስንተኛ ላይ ደረስን? ሦስተኛ ይበሉት። ይህ ኑዛዜ ታሽጎ በዲያቆኑ እጅ ይቀመጥ፤ ከቀብሬ በኋላ ይከፈት።

«ምን አልክ?» አለች ሃቲ። «ከቀብርህ በኋላ?»

«የሞተ ሰው አይገደልማ፣ እህቴ።»

«ሐኪሙ እስከ ገና ትቆያለህ ብሎሃል! ሮስኮ እኮ ዓርብ ነው! ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ አንተ ሰው!»

«አውቃለሁ።»

«አውቀህ ነዋ! አንተ አልጋህ ላይ በሰላም እንድትሞት እሱ ይቅደም?»

«ኧረ ቀስ በይ ልጄ፣ ይሰማል» አሉ እትዬ ኢኔዝ።

«ይሰማ! አንድ ዓመት ሙሉ ያልተሰማው መች አነሰ!»

ዲያቆን፣ ብዕሩን አያስቀምጡ። ይህንንም ይጻፉ። ሌላው በሽተኛ እንዲድን ይጸልያል፤ እኔ ግን ከዓርብ በፊት ግደለኝ እያልኩ ስማጸን ከረምኩ። እኔ ከሞትኩ ወረቀቱ በጊዜ ይከፈታል፣ ሮስኮም ይተርፋል፣ ዊትኮምም አያገኘኝም ብዬ ነበር። ይኸው አልሞትኩም። የአንድ ጥቁር ከበሮ መቺ ቃል በዊትኮም ቃል ላይ ይጸናል ብዬም አላምንም። ግን ሃቲ ልክ ናት። ሦስተኛውን ይሰርዙልኝ። በምትኩ፦ ይህ ኑዛዜ ዛሬውኑ፣ በቁሜ፣ በዳኛው ፊት ይነበብ፤ አንባቢውም እኔው ልሁን። ሁለት ቅጂ ይደረግ፤ አንዱን ሃቲ ይዛ በሌላ መንገድ ትሂድ። እኔ መንገድ ላይ ብቀር የእሷ ይድረስ።

ተናዛዥ፦ ሉሽየስ ቶሊቨር (ፊርማ)። ፊርማው ቢወላገድም የእኔ ነው።

ምስክርና ጸሐፊ፦ ዲያቆን ኤሞስ ክራችፊልድ (ፊርማ)።

ምስክር፦ ኢኔዝ ብሮድናክስ (ፊርማ)። ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጠው በሦስተኛው ፈረሙ።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ሃቲ በጓሮ በር ከወጣች በኋላ፣ እኔና ወይዘሮ ኢኔዝ ተናዛዡን ግራና ቀኝ ደግፈን ደረጃውን አወረድናቸው። መሐል ላይ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «እንመለስ?» አልኳቸው። «ኧረ እንዳትመልሱኝ! ዛሬ ከተመለስኩ ዳግመኛ አልወጣም» አሉ። ይህን የጻፍኩት ከዳኛው ክፍል ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እጃቸውን እንደያዝኩ ነው። ስማቸው አሁን ተጠራ።