ሁለቴ አንኳኩቼ የተመለስኩበት በር

ማክሰኞ፣ ጥር 16 ቀን 87፤ ከቀኑ 9 ሰ.

ዛሬም አልተፈረመም። መዝገብ ቤት ሁለቴ ተመላለስኩ። ጸሐፊው መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ፣ መልቀቂያሽ ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነው ሲስተር ዘነበች፣ አለኝ። ከእኔ ክፍል እሷ ክፍል አሥር እርምጃ አይሞላም። አልሄድም። በመዝገብ ቤት የገባ ወረቀት በመዝገብ ቤት ይውጣ።

ሙቀቱ አይጣል ነው። ከጊሎ ወንዝ ማዶ ሳሩን እያቃጠሉት ነው። አጥቤ ያሰጣሁት ጋውን ላይ ጥቁር ብናኝ ወርዶበት እንደገና አጠብኩት። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ሻንጣዬን ሦስተኛ ጊዜ አሰናድቼ ሦስተኛ ጊዜ ፈታሁት፤ ማበጠሪያዬ ታች ቀርቶብኝ።

ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን ስጽፈው ይቀለኝ ይሆናል። ኃላፊዋ አጁሉ ናት። አራት ዓመት ያስተማርኳት አጁሉ። የሽል ልብ ማዳመጥ፣ ስፌት፣ ሪፖርት አጻጻፍ፣ ሁሉንም ከእኔ ነው የወሰደችው። ክልሉ ሲቋቋም ኃላፊነቱ ለአገሬው ልጆች ይሰጥ ተባለ፤ ኅዳር ላይ የፑኝዶ ጤ/ጣቢያ ለእሷ ደረሰ። ይገባታል። ስብሰባው ላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ቀድሜ። ማታውን ቤቴ ገብቼ የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ። ደብረ ማርቆስ፣ እህቴ ጋ። ጋምቤላ ያለው ቢሮ ፈቀደ። የቀረው የአጁሉ ፊርማ ነው። ጥር 27 ቅዳሜ መኪና አለ። ካመለጠኝ ሌላው መቼ እንደሚገኝ እንጃ።

ሆን ብላ ነው የያዘችው። ሌላ ምን ይሆናል?

ሐሙስ፣ ጥር 18፤ ምሳ ሰዓት

ይኸን ልጽፍ አልፈለግኩም።

ጠዋት 2 ሰ. በቃሬዛ የመጣች ሴት። ከጎግ። የመጀመሪያ ልጇ። ሕፃኑ በመቀመጫው መጣ። አጁሉ ያዘችው፤ ጥሩ ጀመረች። ትከሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። ዞር ብላ አየችኝ። ዐይኗ ነይ ይለኛል። እኔ በሩ ላይ ነኝ። ጓንት አጥልቄ፣ ደብተሬ፣ ጓንት አጥልቄ ቆሜ፣ ምን አልኩ? «ኃላፊዋ አንቺ ነሽ» አልኩ። እናትየው እየሰማች።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ ገባሁ። ክንዱን አወረድኩት፣ ወጣ። ሰማያዊ ነበር። አጁሉ ጀርባውን አሸችው፣ አሸችው፣ አለቀሰ። እናትየው ደም ፈሷታል፤ አሁን ቆሟል። ሁለቱም ይተርፋሉ።

አጁሉ ስትወጣ የማዋለጃውን መዝገብ ሰርቄ አየሁ። «በመቀመጫ የመጣ። ያዋለዱ፦ ሲ/ር ዘነበች፣ አጁሉ። እናትና ልጅ ደህና።» ስሜን ከስሟ በፊት ጽፋዋለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ምሳዬን አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ጥር 20፤ ከሰዓት

ኖራ መጣች። የሱዳን ስደተኞች ካምፕ ክሊኒክ ነርስ ናት፣ አየርላንዳዊት። አፍንጫዋ በፀሐይ እንደገና ተልጧል። ውሃ እንኳ ሳትጠጣ በዓል ላከብር ነው፣ አንቺም አለሽበት አለች።

በዓሉ ኢምቦልክ ይባላል። የአገሯ የጥንት ሰዎች፣ ኬልቶች፣ ከክርስትና በፊት ያከብሩት የነበረ። ብርዱ የሚሰበርበት፣ የበጎች ጡት የሚያጋትበት፣ ጸደይ ገባ የሚባልበት ቀን። በኋላ የቅድስት ብሪጂት በዓል ሆነ። ድሮ በዚያው ስም የምትመለክ ሴት አምላክ ነበረች ይባላል፤ ይኼን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ዋዜማው በእኛ ጥር 23፣ በዓሉ 24። ተክለ ሃይማኖት! አልኳት። ደስ አላት።

ጸደይ? በጥር? ፑኝዶ? ሳቅኩባት። እነሱ ጋ ብርዱ ሊሄድ፣ እኛ ጋ ሙቀቱ ገና ሊብስ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ጠፋ። እዚህ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ሁለቱን ዓመት ብቻዋን ሻማ አብርታ አሳለፈችው። ዘንድሮ ብቻዬን አልችልም አለች። የበግ ወተት የለም፣ የዱቄት ይሆናል፤ ቅቤ በቆርቆሮ አለ፤ ሰው ግን ግድ ነው።

ሥርዓቱን ነገረችኝ። በዋዜማው ፀሐይ ስትጠልቅ አንዲት ሴት ቄጠማ ታቅፋ ደጅ ትቆማለች። ሌሎቹ ቤት ውስጥ፣ በር ዘግተው። ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች። ባንኳኳች ቁጥር፣ ብሪጂት መጥታለች ክፈቱላት፣ ትላለች። በአንደኛውና በሁለተኛው ውስጥ ያሉት ዝም። በሦስተኛው እንኳን ደህና መጣች ብለው ይከፍታሉ። በቄጠማው መስቀል ይጎነጎናል፣ ይበላል፣ ይጠጣል።

ደጅ የምትቆሚው አንቺ ነሽ አለችኝ። ለምን እኔ? ቁመትሽ ያምራል አለች። ውሸታም። ውስጥ እነማን አሉ? እሷ፣ ሁለት የካምፕ ሠራተኞች፣ አጁሉ።

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ እኔም አልገባኝም።

እሑድ፣ ጥር 21፤ አስተርእዮ ማርያም

ከቤ/ክ መልስ ከኖራ ጋር ጊሎ ወረድን። ቄሱን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፣ እንዲህ ያለ በዓል ኃጢአት ይሆን ወይ ብዬ። ተውኩት። እምቢ ቢሉኝስ?

ውሃው ጎድሏል። ቄጠማው ግን አለ፣ ለምለም። እኛም ለበዓል የምንጎዘጉዘው እሱን ነው፤ ይኼ ትንሽ አጽናናኝ። አስተጫጨዴን አይተው ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሳቁብን። አንዷ ማጭዱን ተቀብላኝ በአንድ እጇ ጨብጣ በአንድ ጊዜ እቅፍ ሙሉ አጨደችልኝ። ለምንድን ነው አለች በአማርኛ። ለበዓል። የማን በዓል? የእሷ፣ ብዬ ኖራን አሳየኋት። አገርሽ የት ነው? ጎጃም። «መቼ ትሄጃለሽ?»

ክፉ አስባ አልጠየቀችኝም። ሰላምታ ያህል ነው ያለችው። ግን ሰባት ዓመት የኖርኩበት አገር ላይ መቼ ትሄጃለሽ ሲሉኝ ቅዳሜ ማለት አቃተኝ። ሊሄድ ያመለከተ ሰው በዚህ ይከፋዋል? እኔን ከፋኝ።

መልቀቂያው ዛሬም አልመጣም። እሑድ ነው፣ አውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 23፤ ምሽት 1፡30

ተመለስኩ። ነጠላዬን እንኳ አላወለቅኩም።

12 ሰ. ላይ ኖራ ቤት ደጅ ቆምኩ። ቄጠማውን ታቅፌ፣ ነጭ ለብሼ። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ያየኛል። ውስጥ ሻማ በርቷል፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ ይታያል። አንኳኳሁ። ብሪጂት መጥታለች፣ ክፈቱላት። ዝም። የቆርቆሮ በር ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሰማው መሰለኝ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ።

ዝም እንደሚሉ አውቃለሁ። ኖራ ነግራኛለች። ማወቅና እዚያ መቆም ግን ለካ ይለያያሉ። ሁለተኛ አንኳኳሁ። ክፈቱላት ስል ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። ልመና ሆነብኝ። በዕድሜዬ ሰው ደጅ ቆሜ ሁለቴ ጠርቼ አላውቅም። ቤቶች ብዬ መልስ ካጣሁ እመለሳለሁ፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው።

ያኔ ሰማኋት። አጁሉ። አንድ ነገር ተናገረች በሹክሹክታ፣ ከዚያ ሳቀች። አጭር ሳቅ።

ቄጠማውን ደፉ ላይ ጣልኩትና መጣሁ።

ይኼው ነው። ደጅ ያስጠናኝ ወረቀት አይበቃ፣ አሁን ደግሞ በቁም። ሐሙስ ያደረግኩትን ነው የከፈለችኝ። ይገባኛል? ይገባኛል። ቢሆንም ሳቋ አቃጠለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሻንጣዬን አልፈታም። ሳይፈረም ቢቀር ሳይፈረም እሄዳለሁ፣ ያባርሩኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 24፤ ማታ

እንዴት ልጻፈው።

ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ አጁሉ መጣች። ሰባት ዓመት በኖርኩበት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ። በእጇ የቄጠማ መስቀል፣ አራት እግር ያለው፣ ጫፍ ጫፉ የታሰረ፤ እና አንድ ወረቀት። አሞሽ ነው? አለችኝ። አላመመኝም አልኩ፣ ኮስተር ብዬ። ሻማው እስኪያልቅ ጠበቅን አለች። ወተቱ ቀዘቀዘ። ኖራ አለቀሰች። በሩን ስንከፍት ቄጠማ ብቻ።

ለምን ሳቅሽ አልኳት። ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

ቶሎ አልገባትም። ሲገባት ዐይኗን ጨፈነች። ስትቸኩል አማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርገዋል፤ እንዳለችው ልጻፈው። «እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፣ እጄ መቀርቀሪያ ላይ። ሲስተር ሦስት አይመታም አልኩ። ሲስተር እኔ አውቃለሁ፣ ኩራት አለው። በሁለት ልክፈት አልኩ። ኖራ እምቢ አለ፣ ሥርዓት ነው አለ። እኔ ሳቅኩ። እንግዲያው ሲስተር ሄደ አልኩ።»

ቁጭ አልኩ። እጇ መቀርቀሪያው ላይ ነበር።

ወረቀቱን ሰጠችኝ። መልቀቂያዬ። ተፈርሟል፣ ማኅተም አለበት። ቀኑን አየሁ፤ ጥር 15። በደረሳት ዕለት ፈርማዋለች! መዝገብ ቤት ስመላለስ የከረምኩት በተፈረመ ወረቀት ነው። ለምን አልሰጠሽኝም? «አልጠየቅሽኝም» አለች፣ አሁን ቀስ ብላ። «ጸሐፊውን ጠየቅሽ። ራስሽ ትመጫለሽ ብዬ ጠበቅኩ። መጥተሽ ስትጠይቂኝ አትሂጂ ልልሽ ነበር። ካልመጣሽ እንዴት እላለሁ?»

የሐሙሱን ነገር አነሳሁት። ማንሳት ነበረብኝ። በደልኩሽ አልኳት፣ በእናትየው ፊት፣ በሕፃኑ ነፍስ። ይቅር በይኝ አልኩ፤ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ክንዱን ስታወርጂ እጅሽን አላየሁም፣ ጀርባሽ ከልሎኝ ነበር አለች። ለሚቀጥለው ማየት አለብኝ። ይኼን ብላ ወጣች።

ቀን ላይ ኖራ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ላከችልኝ። ጾም ነው፣ አልበላሁትም። ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። አቀፈችኝ፤ አገሯ ቢሆን እንዲህ ያለች ብሪጂት ሰፈሩ ሁሉ ያማት ነበር አለችኝ። ሳቅን።

ዓርብ፣ ጥር 26፤ ከሰዓት 10 ሰ.

መኪናው ነገ ጠዋት 12 ሰ. ይነሳል። ሾፌሩ መጥቶ ቦታሽ ከፊት ነው ብሎኝ ሄደ።

ትናንትን ሙሉ ስዞር ዋልኩ። ግቢውን፣ ገበያውን፣ ወንዙን። እህቴ ደብዳቤ ልካለች፣ ክፍል አዘጋጅቻለሁ ትላለች፣ ጋቢ ገዝቻለሁ። ጋቢ! ብርድ ናፍቆኛል፣ እውነቴን ነው። እዚህ ያለው ነገርም በአንድ ቀን አልጠፋም። ትናንት መዝገብ ቤት በር ላይ አንዱ፣ የደጋ ሰዎቹ መቼ ነው የሚያልቁት ሲል ሰምቻለሁ፤ እንድሰማው ነው ያለው። ነገም ይለዋል። ሰው ሁሉ አጁሉ አይደለም። ብቀርም ሲያስቆጣኝ ይኖራል።

ብሄድስ? ደብረ ማርቆስ ማንም መቼ ትሄጃለሽ አይለኝም። እጅሽን አላየሁምም የሚለኝ አይኖርም።

ጠዋት የሐሙሷ እናት ልትወጣ ስትል ልጁን አሳቀፈችኝ። ጡት በደንብ ይጠባል፣ ጉንጩ ሞልቷል። አጁሉ የመውጫ ካርዱን እየሞላች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም። የሷን ተናግራ ጨርሳለች፤ የቀረው የእኔ ነው።

ወረቀት አወጣሁ። ሁለት አበላሸሁ። ሦስተኛው ይኼው፣ እዚህ ልገልብጠው፦

ለፑኝዶ ጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ ለወ/ሮ አጁሉ።

(ይኼን መስመር ለመጻፍ ከኅዳር እስከ ጥር ፈጀብኝ።)

ጉዳዩ፦ የተፈቀደልኝን ዝውውር ስለመተው።

ምክንያት፦ በጣቢያው የአዋላጅ ባለሙያ እጥረት ስላለ

ሰረዝኩት። እውነት ነው፣ ግን ምክንያቴ እሱ አይደለም።

ምክንያት፦ መሄድ ስለማልፈልግ።

አሁን በመዝገብ ቤት በኩል አልሰጥም፣ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ፤ አሥር እርምጃ ነው፣ ቢሮዋ ገና አልተዘጋም፣ ድምጿ ይሰማኛል