ለመህሬ የትኛው መኪና?

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ብርዱ ብሷል። ቀኑን ሙሉ ደሪቶ ብርድ ልብስ ስሰፋ ዋልኩ። አውራ ጣቴ እንደገና ደማ። መርፌው ሁለቱን ጨርቅና መሃል ያለውን የበግ ሱፍ አልፎ አልወጣ ሲለኝ በጥርሴ ነው የሳብኩት... ድሮ ደሪቶ የድሃ ልብስ ነበር ይላሉ። አሁን ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ቀለሙን መርጬ ስገጣጥመው ሰው ቆሞ ያየዋል፣ ያዝዛል። ግን በእጅ አንዷን ለመጨረስ አንድ ወር!

አመሻሹ ላይ እማ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ኒካሁ ለየካቲት መጀመሪያ ተቆርጧል። መህርሽን እየጠየቁ ነው። ስንት ግራም ልበል?"

"ወርቅ አልፈልግም።"

"ታዲያ ምን?"

"ስፌት መኪና።"

ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ተወችው።

ጥር 5፣ ሰኞ

እማ አኩርፋለች። "ወርቅ ክብር ነው። መኪና ምንድን ነው?"

መህር ባል ለሚስቱ የሚሰጣት፣ የሷ ብቻ የሆነ፣ ማንም የማይነካባት... እንደዚያ አይደል የተማርነው? የጎረቤታችን የረቢያን ወርቅ ግን ባሏ "ለጊዜው" ብሎ ወስዶ ባጃጅ ገዛበት። ባጃጁም ቆመ፣ ወርቁም ቀረ። ስፌት መኪናን ማን ለጊዜው ብሎ ይወስዳል?

ጀሊል ደውሎ "ያልሽው ይሆናል" አለኝ። እጮኛዬ ሲናና ወረዳ መምህር ነው፤ ደመወዙን አውቃለሁ። በኔ ምክንያት እንዲበደር አልፈልግም። ስለዚህ ርካሽ። ርካሽ ሆኖ ወፍራም የሚሰፋ። እንዲህ ያለ ነገር አለ?

ጥር 8፣ ሐሙስ

ስፌት መኪና ሻጩ ዑስማን ሱቅ ሄድኩ። ነጭ፣ ትንሽዬ፣ በመብራት የምትሠራ አሳየኝ። "ሃያ ዓይነት ስፌት ትሰፋለች፣ ወላሂ!" ሃያ ዓይነት ምን ያደርግልኛል? ለደሪቶ ቀጥ ያለው አንዱ ይበቃል። ግን ስታምር...

ይዤው የሄድኩትን የደሪቶ ቁራጭ አስገባንባት። ጉርርር አለች፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፣ መርፌዋ ቀጭ!

"ጨርቅሽ ነው" አለኝ ዑስማን። "ይቺ ለልብስ እንጂ ለፍራሽ አይደለችም።"

ደሪቶዬን ፍራሽ አለው። ተናድጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ደግሞ ስለ ቀለሟ አሰብኩ።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ጎባ፣ ጋሽ ፈቀደ ጋ። ቁርጥራጭ የሚያጠራቅምልኝ ልብስ ሰፊ ነው። ከተራ መሆኑን የረሳሁት እኔ ነኝ! ሰው ነጭ ልብሱን ሊወስድ በሩ ላይ ተሰልፏል።

"የኔ ልጅ፣ በከተራ ቀን ነው ስለ መኪና የምትጠይቂኝ?"

"ይቅርታ ጋሼ፣ ልመለስ?"

"ከመጣሽማ ነይ ግቢ። ከመርፌው በስተቀኝ ያለችውን ክፍተት እያት። ደሪቶሽ ተጠቅልሎ የሚያልፈው በዚች ነው። ጠባብ ከሆነ ያን ሁሉ ብርድ ልብስ የት ታደርጊዋለሽ?"

ይሄን ማንም አልነገረኝም።

ጥግ ላይ አንድ ጥቁር የብረት መኪና አለው። አሮጌ፣ በእግር የሚሠራ። ክፍተቱ ሰፊ። ቁራጬን አስገባሁ፤ አለፈ። አጥፌ አስገባሁ፤ አለፈ! ይሸጠዋል፣ ያውም በአዲሱ ግማሽ ዋጋ። ደስ ብሎኝ ስበር ሮቤ ቤታችን ገባሁ።

እማ፦ "ያገለገለ? ለመህር? ያ ረቢ!"

አጎቴ ዲኖ፦ "ዲናሞ ይገጠምለት።"

አባ፦ "አዲስ የእግር ይሻላል።"

ረቢያ፦ "የመብራቱ ይሻላል፣ እግርሽ ያብጣል።"

ሁሉም ያውቃል። የማታውቀው የምትሰፋዋ ብቻ ናት።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ጠዋት አሮጌው። ከሰዓት አዲሱ። አሁን መብራት የለም፣ ስለዚህ የእግር። መብራት ሲመጣስ?

ጥር 18፣ እሁድ

የመኪናው ዓይነት ሲያስጨንቀኝ ሌላ መጣ። አዴ ጁሀራ፣ የጀሊል እናት፣ ነገሩን ሰምተዋል። ለእማ የላኩባት ቃል፦ "ሙሽራ መሣሪያ የምትጠይቀው ልጄ እንደማያበላት ገምታ ነው? ገና ሳትገባ ሥራ ፍለጋ?"

እማ "አላልኩሽም?" አለችኝ። ይሄ በሐሳቤም አልነበረ። አልነበረም ወይስ...?

ጥር 19፣ ሰኞ

ጀሊል ደወለ። ድምፁ ሌላ ነው።

"እናቴን ተያት። እኔ ልጠይቅሽ። መኪናውን የፈለግሽው ስለማታምኚኝ ነው?"

አይደለም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል። ስለ ረቢያ ወርቅ አሰብኩ፣ ስለ ጣቴ አሰብኩ... "እኔንጃ" አልኩት።

"ሀዬ፣ ይሁን" አለና ዘጋው።

እኔንጃ ይባላል? ለሚያገባሽ ሰው?

ጥር 25፣ እሁድ

አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። እወደዋለሁ፤ ይሄ ግልጽ ነው። ማመንስ? የምወደውን ሰው እየወደድኩት እፈራለሁ... እንዲህ ይኖራል?

ለእማ "ወርቅ በሉ" አልኳት። አቅፋ ሳመችኝ። ምነው ታዲያ አለቀስኩ?

የካቲት 3፣ ሰኞ

ትናንት ኒካህ ነበር። ሳልረሳው ልጻፈው።

ወንዶቹ ሳሎን፣ እኛ ሴቶቹ ጓዳ፤ መሃላችን መጋረጃ። አዴ ጁሀራ አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ ከሰላምታ ሌላ ቃል አልተናገሩኝም። ሼኩ መህሩን ጠየቁ። አባ "ወርቅ" አለ። ከዚያ የጀሊል ድምፅ።

"ይቅርታ አባ። እሷ የጠየቀችኝ ስፌት መኪና ነው። ወርቁን ያመጣው ይሉኝታ ነው።"

በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት! ለወርቅ አቅም አጣ እንደሚሉት ጠፍቶት ነው?

ሼኩ "መኪናም ይሆናል" አሉ። "ግን መህር ተለይቶ ይታወቃል። ምን ዓይነት መኪና?"

በቃ፣ ሳሎኑ ተናጋ። "የእግር ነው!" "የመብራት ነው!" "ዲናሞ ያለው!" የዲኖን ድምፅ ለየሁት። አንዱ ሽማግሌማ እህታቸው የነበራትን መኪና ታሪክ ጀመሩ። ሼኩ "ያ ጀማዓ! የመህሩን ባለቤት ጠይቁ" ብለው ጮኹ። ዲኖ መጋረጃውን ገለጠ።

"ሳቢሪን፣ የትኛው ነው?"

ሴቶቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። ወር ሙሉ ያልመለስኩትን...

"ጋሽ ፈቀደ ጋ ያለው። ጥቁሩ፣ የእግሩ። ያገለገለው።"

እማ ቆነጠጠችኝ። አዴ ጁሀራ ዞረው አዩኝ።

"ልጄን አዲስ አድርጌ ሰጥቼሽ መኪናው አሮጌ?"

ጓዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም።

"አዴ፣ ልጅዎ እንደሚያበላኝ አውቃለሁ። ግን ጣቴን ይዩልኝ።" ሄና በተቀባው እጄ ላይ አውራ ጣቴን ዘረጋሁላቸው። የተበሳሳው ቦታ ሄናውን አልያዘም። "ሥራዬን ስለምወድ ነው። ደግሞ... ትንሽ እፈራለሁ። ውሸት አልነግርዎትም።"

ጣቴን ይዘው ብዙ አዩት። ከዚያ ዲኖን፦

"ምን ቆመህ ታየኛለህ? እንዳለችው በል!"

የካቲት 16፣ እሁድ

ቤታችን ጠባብ ናት፤ መኪናው ግማሹን ይዞታል። አንዲት የጎባ ሴትዮ ያዘዘችኝን ደሪቶ ዛሬ ጨረስኩ። ጣቴ ድኗል።

ከሰዓት ጀሊል የተተረተረ ሱሪ ይዞ መኪናው አጠገብ ቆመ። አይቀመጥም፣ አይነካም።

"ምነው?"

"መህርሽ ነው። ካልፈቀድሽ መንካት አልችልም። ሱሪዬን ልሰፋበት?"

ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አይደለም። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ደግሞም ሳቄ መጣ።

"ጀሊል፣ ያን ቀን ስትደውል... እውነትህን ነው። አላመንኩህም ነበር።"

"አውቃለሁ" አለኝ። "አሁንስ?"

ከወንበሩ ተነስቼ ቦታ ለቀቅኩለት።